የባሕር ጕዞና የራስ ጠጕር

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከቆሮንቶስ ተነሥቶ በመርከብ ሊሻገር ባሰበ ጊዜ፥ ክንክራኦስ በምትባለው ወደብ ላይ ስለ ስእለቱ ራሱን እንደ ተላጨ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 እናነባለን። ያው ሐዋርያ ኋላ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ፥ 276 ነፍስ የጫነችው መርከብ ዐሥራ አራት ቀን በማዕበል ከተንገላታች በኋላ፥ ተሳፋሪዎቹን እህል እንዲቀምሱ ሲመክራቸው፥ ከማንኛቸውም ራስ አንዲት ጠጕር እንኳ እንደማትጠፋ አረጋግጦላቸዋል። እኛም እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ከልጅነት ጀምሮ ስናነባቸውና በክፍልም ስናስተምራቸው ብንኖር፥ ጠጕርንና መርከብን በእውነት የሚያገናኝ ጕዳይ አለ ብለን አስበን አናውቅም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በዚያው ባሕር ላይ፥ በአንዲት ጠባብ የመርከብ ክፍል ውስጥ ሚዶ ይዘን በልጃችን ራስ ላይ ሦስት ሰዓት ከቆምን በኋላ ግን አሳባችን ተለወጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን የወንጌላዊው የዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ ወዳጅ ናቸው፤ ወር በገባ በ4 ቀን ዝክሩን ሳይዘክሩ ያለፉበት ጊዜ ትዝ አይለንም። ወንጌላዊው በስደት ተቀምጦ ራእዩን ያየባትን የፍጥሞን ደሴት በዐይናቸው አይተው ለመሞት ይመኙ እንደ ነበር ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቃል። በአቴና ከተማ ሠርቶ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ይህን ምኞታቸውን በልቡ ይዞት ኖሮ፥ ከፒሬዎስ ወደብ ተነሥታ አራት ሌሊት በኤጌ ባሕር ደሴቶች መካከል በምትዞር የመንገደኞች መርከብ ለሦስት ሰው የሚሆን ስፍራ ገዛልን። ሦስቱም እናታችን፥ የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችንና እኛ ራሳችን ነበርን። የልጆቻችን እናት ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች ቀረች፤ ዳሩ ግን ዕቃውን በማሰናዳት ከማናችንም ይልቅ የደከመችው እርስዋ ናት።

መንገድ የሚወጣ ሰው ምን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እኛ ለድቁና ትምህርት ከቤታችን በወጣን ጊዜ የያዝነው ለምድ፥ አኩፋዳና አንድ የወይራ መፋቂያ ብቻ ነበር፤ ራሳችንም በምላጭ የተላጨ ስለ ሆነ ሚዶ የሚባል ነገር አላስፈለገንም። ስለዚህ ያ ሁሉ ብልቃጥ፥ ያ ሁሉ ሻምፖና ቅባት በአልጋ ላይ ተደርድሮ ባየን ጊዜ፥ ‹‹ለአራት ሌሊት ይህ ሁሉ ለምንድር ነው?›› ማለታችን አልቀረም። የልጆቻችን እናት ክርክር አልገጠመችንም። ዝርዝሩን በደብተር ወረቀት ጽፋ በእጃችን ሰጠችንና፥ ‹‹በመርከቡ ላይ ሱቅ ቢኖርም ለልጅቷ ጠጕር የሚሆን ነገር አታገኙበትም›› አለችን። እንዳለችውም ሆነ።

ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ከአንባብያን መካከል ቢኖር፥ ከዚያች ወረቀት የተማርነውን በአጭሩ እንንገረው። በአይሮፕላን በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ሁሉ፥ ሻምፖም ቢሆን ቅባትም ቢሆን የጥርስ ሳሙናም ቢሆን፥ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆኖ፥ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ውስጡን በሚያሳይ ከረጢት እንዲገባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ አገር ታዝዟል። አዲስ መመርመሪያ ባስገቡ አንዳንድ ጣቢያዎች ደንቡ ላላ ቢልም፥ በመንገድ የሚያጋጥሙት ጣቢያዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ስላይደሉ በቀድሞው ልክ መሰናዳት ይሻላል። ትልልቁ ጠርሙስ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ ነገር ግን እስከ አፉ አይሞላ፥ ከክዳኑም ሥር ስስ ላስቲክ ይደረግበት፤ በሰማይ ላይ የአየሩ ግፊት ሲለወጥ የተከደነ ነገር ሊፈስስ ይችላልና። ወደብ ላይ ደግሞ ሻንጣው ከባለቤቱ ተወስዶ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፥ የአረጋውያን መድኃኒት፥ መነጽር፥ ሚዶና አንድ ቅያሬ ልብስ ከእጅ ቦርሳ አይለዩ። የልብስ ካውያ ስለ እሳት አደጋ በመርከብ ላይ ክልክል ነውና እቤት ይቅር። ከራስ የተነቀለ ጠጕርና ጥጥም በመርከቡ መጸዳጃ አይጣል፤ ቆሻሻውን የሚስበው የአየር ኀይል ስለ ሆነ ቧንቧው ቶሎ ይደፈናል፥ የአንዱም ጥፋት ለጎረቤቶቹ ሁሉ ይተርፋል።

ከዝርዝሩ ውጭ የተጨመረ አንድ ነገር ነበር። እናታችን ለጋ ቅቤ በአደስ አሽተው፥ በአንዲት የማር ብልቃጥ ሞልተው፥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በሻንጣቸው መካከል አኑረውት ኖሯል። ቅቤ ለራስ ጠጕር ምን እንደሚያደርግ ለእናቶች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ነገር ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት፥ ከወተትም የሚወጣውን ቅቤና አይብ ይዞ እንዳይገባ በሕግ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም የከብት በሽታ እንዳይዛመት ነው። ይህን ሕግ አስቀድመን አልጠየቅንም ነበር። በአይሮፕላን ጣቢያው ሻንጣው ሲፈተሽ ብልቃጡ ወጣ። እናታችን ለመብል አለመሆኑን ለማስረዳት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው የመቀባት ምልክት አሳዩ። መርማሪዋ ሴት ነገሩ ገብቷት ፈገግ አለች፤ ሆኖም ሕግ ነውና ወሰደችው። እናታችንም ከተል ብለው፥ ‹‹እንግዲያስ ራስዋን ትቀባበት›› አሉ። እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሲያነሡ ክርናቸው እንጂ ጣታቸው እንዳልታጠፈ ያን ጊዜ ልናስተውል በተገባን ነበር፤ አላስተዋልንም።

ስለ ልጃችን ጠጕር ከመነሣታችን በፊት በቤታችን ውስጥ ክርክር ነበር። እናትዋና አያትዋ ሹሩባ ተሠርታ ትሂድ አሉ፤ የባሕር ነፋስና የጨው ውኃ የሚቻለው በተሠራ ጠጕር ነው ሲሉ። እርስዋ ግን ጠጕርዋን ለቅቃ በመርከብ ሰገነት ላይ ለመቆም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አሳብዋን ቍርጥ አድርጋ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ሴቶች የጠጕር ሽሩባ የተናገረውን እየጠቀሱ በዚህ ጕዳይ የሚቈጡ ሰዎች አሉ፤ በእኛ አስተያየት ሐዋርያው የነቀፈው የውጭውን ጌጥ የልብ ምትክ ማድረግን ነው እንጂ ሚዶን አይደለም። ይልቁንም ጌታችን በወንጌል የሚጾም ሰው ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ ማዘዙን ማስታወስ ይገባል። የሆነ ሆኖ ክርክሩን የቈረጡት እናታችን ናቸው። ‹‹ተዉአት፤ ሲቸግራት እኔ መርከቡ ላይ እሠራታለሁ›› አሉ። ልጃችንም አያትዋን አቅፋ ሳመቻቸው፥ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

መርከቢቱ ከፒሬዎስ ስትነሣ ፀሐዩ ብርቱ ነበር። የመኝታ ክፍላችን ሦስት ጠባብ አልጋ ያለባት፥ መታጠቢያዋም አንድ ሰው ክንዱን ሲዘረጋ ግድግዳውን የሚነካባት ነበረች። የሚታጠቡበት ውኃ ከዚያው ከባሕሩ ተቀድቶ ጨውነቱ የተለየለት ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህም ጥበብ የሚያስደንቅ ነው። ከግድግዳው ጋራ የተያያዘው ሳሙና ግን ለገላም ለጠጕርም አንድ ሆኖ፥ የእኛን አገር ሰው ጠጕር እንደ ደረቀ ሣር የሚያደርግ ነበር። በሰገነቱ ላይ ያለው መዋኛ የተሞላው በባሕር ውኃ ነው። ልጃችን ቀኑን ሙሉ በዚያ ዋለች። ሚኮኖስ ደርሰን ነጫጭ ቤቶችዋን አይተን ስንመለስ እንደ ገና ገባችበት፤ ማታም ደክማ ስለ ነበር ራስዋን ሳትታጠብ በእርጥቡ ተኛች።

እንደዚህ ያለውን ጠጕር የማያውቅ ሰው ‹‹ምን አለበት?›› ይል ይሆናል። እኛም ያልን ነን። ዳሩ ግን ጠጕር በተጠቀለለ ቍጥር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ሊደርስ አይችልም፤ ስለዚህ የተጠቀለለ ጠጕር በተፈጥሮው ደረቅ ነው። ጨው ደግሞ የቀረችውን እርጥበት ይመጠዋል። ከዚህ ላይ ነፋስና ትራስ ሲጨመርበት አንዱ ጠጕር በሌላው ላይ እየተቋጠረ ያድራል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ወደ መዋኛው ከመግባት በፊት ጠጕሩን በንጹሕ ውኃ ማራስና ዘይት ማስነካት ነው፤ የጠገበ ጠጕር የጨውን ውኃ ብዙ አይጠጣምና። ከወጡም በኋላ ወዲያው መታጠብና ጐንጉኖ፥ ለስላሳ ሻሽ አስሮ መተኛት ነው። ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ በኪሳችን ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መርከቢቱ በቱርክ አገር በኩሻዳሲ ወደብ ቆመች። ከዚያ ወደ ኤፌሶን ፍርስራሽ የሚወስደው አውቶቡስ በማለዳ ይነሣል። ጳውሎስ ያስተማረባትን፥ ወንጌላዊው ዮሐንስም እንደ ኖረባት የሚነገርላትን ከተማ ለማየት እኛ ከሁሉ ይልቅ ጓጕተን ነበር፤ ለተማሪዎቻችንም ፎቶግራፍ ይዘን እንደምንመለስ ቃል ሰጥተናል። ነገር ግን ልጃችን ከመታጠቢያው ክፍል አልወጣም አለች። በሩን ስናንኳኳ፥ ‹‹አባዬ፥ መቀስ ስጠኝ፤ ልቍረጠው›› ብላ አለቀሰች። በሩን በከፈተች ጊዜ ያየነው ጠጕር ከማጅራትዋ እስከ ጆሮዋ እንደ ብዝት አንድ ሆኖ ተያይዟል።

እናታችን ምንም ሳይደናገጡ በአልጋው ጫፍ ተቀመጡና ልጅቷን እንደ ቤታቸው ልማድ በጕልበታቸው መካከል አስቀመጡአት። ሚዶውንም ያዙ። ሚዶው ወደቀ። አነሣንላቸው፤ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው እጃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ነጠላውን ገለጥ አድርገን ብናየው የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ሁሉ አብጧል። ከፋሲካ ወዲህ ሚዶ መጨበጥ እንደ ተሳናቸው ያን ጊዜ ነገሩን። ‹‹ብነግራችሁ ታስቀሩኝ ነበር›› አሉ። ታዲያ እኔ እሠራታለሁ ያሉት እንዴት እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ ‹‹ቅቤው ጣቶቼን ያፍታታልኝ ይሆናል ብዬ ነው›› ብለው መለሱ።

ከእናታችን ጋራ በአንድ ግቢ እንኖራለን። በየማለዳው ቡና ሲቀርብ ከፊታቸው እንቀመጣለን። ሻሻቸውን ከራሳቸው ማውረድ እንደ ተዉ፥ ሲኒውንም በሁለት እጃቸው መያዝ እንደ ጀመሩ አይተን ነበር፤ አይተን ግን እርጅና ነው ብለን አልፈነዋል። በትምህርት ቤት ከስድሳ ተማሪ መካከል መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ከአቀማመጡ እናውቃለን እያልን የምንመካ ሰዎች ነን።

እናታችን፥ ‹‹አንተ ሂድ፥ ኤፌሶንን እይ፤ እኛ እዚሁ እንቈያለን›› አሉን። አውቶቡሱ ሲሄድ በመስኮት አየነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምግብ አዳራሹ ወርደን ከአስተናጋጁ አንድ ሲኒ የወይራ ዘይት ለመንን። ለሰላጣ መስሎት ሆምጣጤም ጨምሮ አመጣልን፤ ሆምጣጤውን መልሰን ዘይቱን ይዘን ወጣን።

እናታችን እያዘዙ እኛ ሠራን። አስቀድመን ጠጕሩን በንጹሕ ውኃ አጥበን ጨውን አስለቀቅን። የልጆቻችን እናት ከላከችው ከኮንዲሽነር፥ ማለት ከማለስለሻው፥ በብዙ አፈሰስንበት፤ ከዚያም በአራት ከፍለን ሦስቱን በመያዣ ያዝናቸው። ሚዶውን ከራስዋ ቆዳ ላይ ልናሳርፍ ስንል እናታችን ጮኹ። ‹‹ከጫፍ ጀምር! ከሥር የጀመረ ያስለቅሳታል።›› እኛ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እንደሚነበብ ጠጕርም ከሥሩ የሚበጠር ይመስለን ነበር። ጠጕሩን ከመካከሉ በግራ እጅ ጨብጦ፥ ሥሩ እንዳይሳብ አድርጎ፥ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል መፍታት፤ ያ ሲፈታ ሁለት ጣት ወደ ላይ መውጣት፤ ቋጠሮ ሲያስቸግር ሚዶውን ትቶ ዘይት በጣት ነክሮ በትዕግሥት መለያየት ነው። ጥርሱ የተራራቀ ሚዶ ካልሆነ አይሆንም። የመጀመሪያው ሩብ አንድ ሰዓት ፈጀ። ልጃችን ሁለት ጊዜ አለቀሰች፤ በሦስተኛው ሩብ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኛም በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ የራስዋን ቅርጽ በእጃችን ያወቅነው ያን ቀን ነው፤ ከጆሮዋ በስተ ኋላ ትንሽ ጠባሳ አለች፥ ከምን እንዳገኘችው አናውቅም፤ እናታችን ያውቁ ነበር።

ሹሩባ መሥራት አንችልም። ይሁን እንጂ በልጅነታችን ለቡሄ ጅራፍ ስንገምድ ሦስት ዘርፍ ማጠላለፍ ተምረን ነበር፤ ጣት የተማረውን አይረሳምና በዚያው ስልት አራት ጕንጕን አደረግንላት። እናታችን ሥራችንን አገላብጠው አዩና፥ ‹‹ጅራፍ ገምደህላታል!›› ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ልጃችን በመስተዋት አየችው፤ ጥቂት ዝም አለችና ሻሽ አምጣልኝ አለች። ኤፌሶን የሄዱት ሰዎች በዚያው ሰዓት ሲመለሱ ሰማናቸው።

ከቀትር በኋላ ፍጥሞ ደረስን። መርከቢቱ ከባሕሩ ላይ ቆማ ሰዎችን በጀልባ ወደ ስካላ ወደብ አወረደች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ እመካከሉ ላይ ሲደርስ ወንጌላዊው ራእዩን እንዳየባት የሚነገርላት ዋሻ ትገኛለች፤ ከላይ በኮረብታው ራስ ላይ አባ ክሪስቶዱሎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1088 ዓ.ም. የመሠረቱት ገዳም እንደ አምባ ታጥሮ ይታያል። ደረጃውን ስንወርድ እናታችን በአንድ ወገን የልጃችንን ትከሻ፥ በሌላው የእኛን ክንድ ይዘው ነበር። በዋሻው ጣራ ላይ ድንጋዩ በሦስት የተሰነጠቀበት ስፍራ አለ፤ ምእመናኑ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይሉታል። በግድግዳው ዝቅ ብሎ ወንጌላዊው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው ጐድጓዳ ስፍራ፥ አጠገቡም ሲነሣ እጁን ይደግፍበት ነበር የሚባለው ትንሽ ጕድጓድ በብር ተከብበው ይታያሉ። እናታችን በሌላው ሁሉ ፈጥነው አለፉ። በዚያ በእጅ መደገፊያው ፊት ግን ከነጠላቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ ቆሙ፤ ከኋላችን የነበሩትም ሰዎች ዝም ብለው ጠበቁአቸው።

ማታ ወደ ክፍላችን ስንመለስ እናታችን በአልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን እንዲፈቱላቸው ልጃችንን ጠሩአት። ከፋሲካ ወዲህ ሚዶ ያልነካው ጠጕር እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ወረደ። በዚያች ደሴት ወንጌላዊው ያየው የሰው ልጅ የሚመስለው፥ ራሱና ጠጕሩ እንዴት የነጣ እንደ ነበር በራእዩ የጻፈውን አሰብን፤ ነገር ግን አልተናገርንም፥ ምክንያቱም ልጃችን ከሲኒው የተረፈውን ዘይት በጣትዋ እየነከረች፥ ‹‹እማማ፥ ካመመዎት ይንገሩኝ›› እያለች ከጫፍ ጀምራ ነበር። ዘይቱ ለእርሳቸው ራስ እኩሌታ እንኳ አልበቃም። ስለዚህ በማግሥቱ ሮድስ ላይ እንደ ወረድን ግንቡን ለማየት ከመሄዳችን በፊት ሱቅ ፈልገን አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ገዛን።